ከጨዋታው በፊት የሚሰጥ ግሬድ፦ ባለሙያ፣ ደጋፊና የተጫዋች ምርጫ
(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ርእሱ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። አሜሪካኖች «እግር ኳስ» በሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በእጅ በሚያዘው ጨዋታቸው፣ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣቶችን በየዓመቱ ተራ በተራ ይመርጣሉ። ደካማው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሻምፒዮናው መጨረሻ ይጠብቃል። ሥርዓቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን መጠሪያው ድራፍት ነው። ሲቀላ ውስጥ ድራፍት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ሌላ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ እርሱን ከንግግሩ በኋላ ብንነጋገርበት ይሻላል። ምርጫው በተጠናቀቀ ማግስት ተንታኞች ለእያንዳንዱ ክለብ ከኤ እስከ ኤፍ ግሬድ ይሰጣሉ። ከተመረጡት መካከል ለአዲሱ ክለቡ አንዲት ደቂቃ የተጫወተ የለም። እናንተ ተማሪዎች ገና ፈተናው ሳይዘጋጅ ውጤት ቢለጠፍባችሁ ምን ትሉ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። የክለቡ ደጋፊዎችም የሚሉት እርሱኑ ነው።

እኛ ዘንድ ድራፍት የለም፤ ክርክሩ ግን አለ። አርባ ምንጭ ከተማ በ2015 ዓ.ም ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ በ2016 ዓ.ም በከፍተኛ ሊጉ ተወዳድሮ ተመለሰ። እንዲህ ባለው ጊዜ የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት የሬዲዮ ተንታኙ «ክለቡ በበቂ አልተጠናከረም» ይላል። ጀበና ቡና ዙሪያ የተቀመጠው የአዞዎቹ ደጋፊ ደግሞ «ይህ ሰውዬ ልጁን መቼ አየው?» ብሎ ይመልሳል። በእኔ አስተያየት ይህ የደጋፊው ጥያቄ ከቁጣ የወጣ ቢመስልም የዕውቀት ፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ በቁም ነገር ልመልሰው እወዳለሁ።

አስቀድመን ግሬዱ የሚለካው ምን እንደሆነ እንጠይቅ። አንድ ተንታኝ ከምርጫው በፊት የራሱን የተጫዋቾች ዝርዝር ያወጣል። ክለቡ በእርሱ ዝርዝር ላይ 20ኛ የሆነውን ልጅ በ20ኛው ተራ ቢወስድ መልካም ውጤት ይሰጠዋል፤ 60ኛውን በ20ኛው ተራ ቢወስድ ይቀጣዋል። እንግዲህ የተለካው ክለቡ ከተንታኙ ጋር ምን ያህል እንደተስማማ ነው እንጂ ልጁ ምን ያህል እንደሚጫወት አይደለም። ደጋፊው በበኩሉ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ዓምና የግራ መስመሩ ክፍት ሆኖ ግብ ስንቀበል ነበር፤ ዘንድሮ ያንን ቦታ ማን ይዘጋዋል? ሁለቱ ሌሊቱን ሙሉ ቢከራከሩ የማይግባቡት አንዱ ሌላውን ስለማይሰማ ብቻ ሳይሆን ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ስለሚሰጡ ነው።

የባለሙያው ዝርዝርስ ምን ያህል ይታመናል? ኬድ ማሲ እና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካውን ድራፍት አጥንተው ነበር። በአንድ የመጫወቻ ቦታ ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው ተሽሎ የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 52 ገደማ ሆኖ አገኙት። ሳንቲም ቢወረወር 50 ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የሬዲዮ ተንታኞች ውጤት አይደለም፤ ገንዘባቸውን አውጥተው፣ መልማይ ልከው፣ ወጣቱን አስሮጠውና መዝነው የመረጡት የክለቦቹ የራሳቸው ነው። የሲያትል ክለብ እ.ኤ.አ. በ2012 ያደረገው ምርጫ ከዓመቱ ደካማ ምርጫዎች መካከል በብዙዎች ተቆጥሮ ነበር። በዚያ ምርጫ 47ኛ የተወሰደው ቦቢ ዋግነር እና 75ኛ የተወሰደው ራስል ዊልሰን ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ፣ በየካቲት 2014፣ ከክለባቸው ጋር ዋንጫ አነሡ።

ይህን የሰማ ደጋፊ «እንግዲያው እኛ ልክ ነን» ሊል ይችላል። አልስማማም። የብዙኃን ግምት ከባለሙያ የሚበልጥበት ጊዜ እንዳለ የታወቀ ነው። ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ 787 ሰዎች የአንድን በሬ ክብደት ሲገምቱ የመካከለኛው ግምት 1,207 ፓውንድ፣ ትክክለኛው ክብደት ደግሞ 1,198 ፓውንድ እንደነበር አሳይቷል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ግምታቸውን ለየብቻቸው በወረቀት ጽፈው ነው ያስገቡት። ሲቀላ ውስጥ ቡና የሚጠጡ አሥር ደጋፊዎች አሥር ግምት የላቸውም፤ መጀመሪያ ከፍ ባለ ድምፅ የተናገረው ሰው ግምትና ዘጠኝ ማስተጋቢያ ነው ያላቸው። ተንታኞችም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን ዝርዝር አንብቦ ነው የሚጽፈው። በጋሞ ዱቡሻ ሰው ተራውን ጠብቆ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። የስፖርት ክርክራችን ከዚያ ሥርዓት ጥቂት ቢዋስ አይጎዳም ነበር።

ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ዳንኤል ካህነማን እና ጋሪ ክላይን እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ ባወጡት ጽሑፍ የባለሙያ ዓይን የሚታመነው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ መሆኑን ይገልጻሉ፤ ሥራው ሊለመድ የሚችል ሥርዓት ያለው ሲሆንና ባለሙያው ስለ ፍርዱ ግልጽ ምላሽ በጊዜው ሲያገኝ። አሜሪካ ውስጥ በድራፍት የተመረጠ ወጣት የመጀመሪያ ውሉ አራት ዓመት ነው፤ ተንታኙ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጊዜ አለው። እኛ ዘንድ ውል በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ልጁ ቦታውን ሳይለምድ ውሉ ያልቃል፤ ተንታኙም ወደሚቀጥለው መስኮት ያልፋል። ትናንት የተናገረውን የሚጠይቀው የለም። ምላሽ የማያገኝ ባለሙያ ሃያ ዓመት ቢሠራ የሃያ ዓመት ልምድ አለው ማለት አልችልም።

የዋጋ ምልክትም ደካማ ነው። በሌላው ዓለም የዝውውር ክፍያ ራሱ እንደ ግሬድ ይነበባል። በ2011 ዓ.ም ክለቦቻችን የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ጣሪያው ላይ የደረሱ ሁለት ተጫዋቾችን በደመወዝ መለየት አይቻልም ነበር።

ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር አንድ ነገር ተሻሻለ፤ ተንታኙ የሁሉንም ክለብ ጨዋታ የማየት ዕድል አገኘ። በሌላ በኩል ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ የእኛ ደጋፊ ቡድኑን የሚያየው በዚያው ስክሪን ሆነ። ካሜራው ኳሱን ይከተላል፤ ኳስ የሌለው ተከላካይ የት እንደቆመ አያሳይም። ስለዚህ «መቼ አየው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ወደ ጠያቂውም ይመለሳል።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ላንሣ። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦች አስቆጥሮ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2014 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አመራ። በዚያን ጊዜ ዝውውሩን ያላሞገሰ ለማግኘት ያስቸግር ነበር። ከዚያ በኋላ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው። ታዲያ ምርጫው ስሕተት ነበር? በውጤቱ ብቻ የሚፈርድ «አዎ» ይላል። እኔ አልልም። ሰንዳውንስ በእጁ በነበረው መረጃ የወሰነው ውሳኔ ጤናማ ነበር፤ መጎዳቱ ሌላ ነገር ነው። ተንታኙን ስንመዝንም ይህንኑ ፍትሕ ልንነፍገው አይገባም፤ መመዘን ያለብን በአንድ ተጫዋች ሳይሆን በብዙ ግምቶቹ ድምር ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቃል? ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ለሙከራ የሚወርድ የ17 ዓመት ልጅ ስላለ ነው። አሰልጣኝ ለጥቂት ቀናት ያየዋል፤ ከዚያ «ደካማ ነው» የሚል ቃል ይወጣል፤ ቃሉም ከልጁ ቀድሞ ወደሚቀጥለው ክለብ ይደርሳል። ታዋቂ ተጫዋች ክፉ ግሬድ ቢሰጠው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳ ላይ ይመልሳል። ያ ልጅ ግን የሚመልስበት ቅዳሜ የለውም።

ስለሆነም የስታትስቲክስና የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች በጋራ እንድትሠሩት የምጠይቀው ቀላል ሥራ አለ። የሚቀጥለው ውድድር ከመጀመሩ በፊት የአርባ ምንጭ ከተማን አዲስ ፈራሚዎች በዝርዝር ያዙ። ከተንታኞች፣ ከቀድሞ ተጫዋቾችና ከደጋፊዎች ለየብቻቸው ግምት ሰብስቡ። ግምቱ «ጎበዝ ነው» የሚል ሳይሆን በቁጥር የሚረጋገጥ ይሁን፤ ስንት ጨዋታ በቋሚነት ይሰለፋል? በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ ውሉን ያድስለታል? ወረቀቱን በፖስታ አሽጉና ለትምህርት ክፍሉ ስጡ፤ ሰኔ ላይ እንከፍተዋለን። ለሙከራ መጥተው የተመለሱትን ልጆችም ስማቸውን ሳትጽፉ በተለየ ዝርዝር መዝግቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የት እንደደረሱ የምንጠይቀው ከዚያ ዝርዝር ተነሥተን ነው።