ስለ ተቈለፈ ፎቶግራፍና ስለ ሐሰተኛ ቁልፍ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት የሚወራ አንድ አጉል እምነት ነው። ይኸውም፥ «ባለቤቱ በፌስቡክ ለወዳጆቹ ብቻ እንዲታይ የወሰነውን ፎቶግራፍ፥ ዘዴውን የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ያየዋል» የሚለው ነው። አንዳንዱ ምስጢራዊ አድራሻ አለ ይላል፤ ሌላው ደግሞ በስልክ ላይ የሚጫን መክፈቻ አለ ይላል።

ነገሩን ለመረዳት የመዝገብ ቤትን አሠራር ማሰብ ይበቃል። መዝገብ ቤት ፋይል የሚያወጣው፥ ጠያቂው የተፈቀደለት መሆኑን አረጋግጦ ነው። ያልተፈቀደለት ሰው በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ መነጽር ቢቀያይር፥ ፋይሉ ከመደርደሪያው አልወረደምና የሚያየው ነገር የለም። ፎቶግራፉም እንደዚሁ በኩባንያው ኮምፒዩተር ተቀምጦ ይቈያል እንጂ፥ ላልተፈቀደለት ሰው ስልክ ተልኮ በመጋረጃ የተሸፈነ አይደለም። ታዲያ ያልደረሰውን ሥዕል የሚገልጥለት መሣሪያ ከወዴት ይመጣል?

«መክፈቻ አለን» ባዮቹ ብዙውን ጊዜ የሚሹት የጠያቂውን የይለፍ ቃል ነው። «በመጀመሪያ ስምህንና የይለፍ ቃልህን አስገባ» ይሉታል፤ የሰውን ጓዳ ለማየት የተመኘውም የራሱን ቤት ቁልፍ አስረክቦ ይመለሳል።

ይህን ስንል መቈለፊያው ፍጹም ነው ማለታችን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ከመስከረም 3 እስከ 15 ቀን በፌስቡክ አሠራር ላይ በደረሰ ስሕተት፥ ተጠቃሚዎች ፎቶግራፍ እንዲያዩ የፈቀዱላቸው የውጭ መተግበሪያዎች ከተፈቀደላቸው በላይ ለማየት ችለው ነበር። ስሕተቱ እስከ 6.8 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችን ሳይነካ እንዳልቀረ ኩባንያው ራሱ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ገልጧል። ሆኖም ያ የመዝገብ ቤቱ የራሱ ጉድለት ነበር እንጂ፥ ለማንም የሚሸጥ ቁልፍ አልነበረም።

ፎቶግራፍ በቀላሉ የሚወጣው በሰው እጅ ነው። እንዲያይ የተፈቀደለት ወዳጅ ሥዕሉን ከስልኩ ቀድቶ ለሌላ ያስተላልፋል፤ በወዳጅ ስም የቀረበ እንግዳም ጥያቄውን ከተቀበሉት በኋላ ከተፈቀደላቸው ጋር ይቈጠራል። ይህን የሚከለክል መቈለፊያ የለም።

ስለዚህ፥ ክቡራን አድማጮች፥ የወዳጆቻችሁን ዝርዝር አልፎ አልፎ መርምሩ፤ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ ከእጅ የወጣ ፎቶግራፍም አይመለስምና፥ ከመለጠፋችሁ በፊት አስቡ። የሌላውን ፎቶግራፍ ለማየት የሚፈልግም ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ግን ይተወው።