የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በገዛ ፈቃዳቸው ስለሚሰጡት የሕዝብ አገልግሎት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በሐዋሳ ከተማ የታቦርን ተራራ የማያውቅ የለም። ከተራራው ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ከተማውና ሐይቁ አብረው ይታዩታል። የሐዋሳ ሐይቅ ከጥቁር ውኃ ወንዝና ከየተዳፋቱ ከሚወርደው ጎርፍ ውኃ ይቀበላል እንጂ፣ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከተራቆተ ኮረብታ ታጥቦ የገባው ደለልም ሆነ ከመንገድ ተጠርጎ የገባው ቆሻሻ ከዚያው ይቀራል። ከላይ ሳይሠራ የቀረው ሥራ ከታች ዕዳ ሆኖ ይጠራቀማል ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ዕዳ በበጀት ብቻ ከፍሎ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ዛሬ ልናገር ያሰብሁት፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተባብረው ያለ ደመወዝ በገዛ ፈቃዳቸው ስለሚሰጡት አገልግሎት ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ደቦ ወጥተው የጎረቤታቸውን አዝመራ ሰብስበዋል፤ በእድር ተሰባስበው ሐዘንተኛውን ደግፈዋል። ዛሬ የከተማ ሠራተኛ ከጎረቤቱ ይልቅ ከባልደረባው ጋር ብዙ ሰዓት ይውላል። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱም ደቦ የሚጠራበት መንደር ሊሆን ይገባዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገር ችግኝ ሲተከል፣ ሠራተኞቻቸው እንዲሳተፉ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው መዋላቸው ይታወሳል። በዚያ አንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ገልጿል። እንዲህ ያለው ቀን ብዙ ሰው ያነሣሣል። ይሁን እንጂ ችግኝ የሚፈተነው በሐምሌ ሳይሆን በጥርና በየካቲት ፀሓይ ነው። በሐምሌ ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋል፤ በበጋ ግን ውኃ የሚያመጣለት፣ ዙሪያውን የሚኮተኩትለት፣ ከፍየል የሚያጥርለት ሰው ከሌለ ይደርቃል። ስለዚህ አንድ ቀን ተክሎ ከሚቀር መቶ ሰው ይልቅ፣ በየወሩ የሚመለሱ ዐሥር ባልደረቦች ይበልጣሉ።

አገልግሎት ሲባልም አካፋ መያዝ ብቻ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛ የእድሩን መዝገብ ቢያስተካክል፣ መሐንዲስ የጎርፍ መውረጃው በየት መቀደድ እንዳለበት ቢያሳይ፣ ሕግ ዐዋቂ መጻፍ ለማይችል ሰው ማመልከቻ ቢጽፍለት፣ ሌላውም በክረምት ለሠፈሩ ልጆች ሒሳብ ቢያስጠና፣ ሁሉም በየሙያው አገልግሏል። የደም ባንክ ሠራተኞች ወደ ቢሮ ሲመጡ ክንዱን የሚዘረጋም፣ ደም ለሚፈስሳት ወላድ እናት ሕይወት ያቆያል።

ሠራተኛውስ ምን ይጠቀማል? እኛ የቢሮ ሰዎች ሕዝቡን የምናውቀው በወረቀት ነው። ባለ ጉዳይ ለእኛ ቁጥርና ፋይል ነው። የአንዲት አሮጊትን ጣራ አብሮ የጠገነ ጸሐፊ ግን፣ በማግሥቱ እኚያን እናት በመስኮቱ ሲያያቸው «ነገ ይመለሱ» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ዋና ሹሙና ተላላኪው አንድ ሸክም በሁለት ወገን ይዘው ሲወጡም፣ በቢሮ ውስጥ ያልተዋወቁ ሰዎች በሜዳ ይተዋወቃሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ስለዚህ ነው።

ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስም እየተጠራ፣ የቀረው እየተመዘገበ፣ ከደመወዝም እየተቆረጠ የሚደረግ ነገር ስሙ ግዴታ እንጂ ፈቃድ አይደለም። እንዲሁም ባለ ጉዳይ በር ላይ ቆሞ ሳለ «ለበጎ ሥራ ወጥተናል» ማለት፣ ከአንዱ ድኻ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው። ሦስተኛም፣ የሠፈሩ ሰው ውኃ ተቸግሮ ሳለ ሳይጠይቁት አጥሩን ቀለም ቀብቶ መመለስ ድካም ብቻ ነው።

ስለዚህ እናንተ የየመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች፣ በቅርባችሁ ያለ አንድ ስፍራ ምረጡ። አስቀድማችሁ ነዋሪዎቹን ምን እንደሚቸግራቸው ጠይቁ። ከወሩ አንድ የዕረፍት ቀን ወስኑ። አንዱ ሲዛወር ማን እንደሚተካውም ከወዲሁ ተስማሙ። ብዙ ባትሆኑ አትፈሩ፤ አምስት ሰው ይበቃል። በክረምት የተከላችሁትን በበጋ ሄዳችሁ እዩት።