ስለ ማዘርቦርድ ምርጫ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ልደታ አብረን የምንኖር ሦስት ተማሪዎች፣ የሕንፃ ሥዕል ስንሠራበት የሚዘገየውን አሮጌ ኮምፒዩተራችንን ለማፍጠን ከምሳችን ቆጥበን ማዘርቦርድ ገዛን። ፕሮሰሰሩ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል ኮር አይ7 2600ኬ ነው። ሰካነው፤ ሠራ፤ ፍጥነት ጨምር ብንለው ግን እንቢ አለ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሶኬቱን እንጂ ቺፕሴቱን አልጠየቅንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ፕሮሰሰር 100 ሜጋኸርዝን በ34 አባዝቶ በ3.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ማባዣው 42 ቢሆን 4.2 ይደርሳል። ሶኬት 1155 ያላቸው ብዙ ቦርዶች ይቀበሉታል፤ ማባዣውን ከፍ ለማድረግ የሚፈቅዱት ግን እንደ ፒ67፣ ዜድ68ና ዜድ77 ያሉት ናቸው። የእኛው ኤች61 ነበር።

ፈቃድም ብቻውን አይበቃም። ፍጥነት ቮልቴጅን፣ ቮልቴጅም ሙቀትን ያስከትላል። ስለዚህ በሶኬቱ ዙሪያ ኤሌክትሪክ የሚመጥኑት ክፍሎች ማብረጃ ብረት እንዳላቸው፣ ካፓሲተሮቹም እንዳላበጡ መመልከት ይገባል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን አየሩ ስስ ነውና ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በቦርዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። እኛ ሳናነብ ገዝተን ምሳችንንም ፍጥነቱንም አጣን።