ከማሽላው ማማ እስከ ፊደል ገበታው



ልጅ ሆኜ ቆቦ ላይ ማሽላ ስጠብቅ ማማው ላይ ነበር የምውለው። ነፋሱ ዛላውን ሁሉ ያወዛውዛል፤ ዓይን ይለምደዋል። ወፍ ስታርፍ ግን ንቅት እላለሁ፤ እጄም ወደ ወንጭፉ!

ዛሬ የምሠራው ያንኑ ንቅታት መለካት ነው። አንጎል የሚጠብቀውን ነገር ሲያይ፣ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ከራስ ቆዳ ላይ የምትለካ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ትነሣለች። መጠኗ በማይክሮቮልት ስለሚቆጠር በሌላው የአንጎል ጫጫታ ትዋጣለች። መላው ደጋግሞ ቀድቶ አማካይ መውሰድ ነው፤ 100 ጊዜ ሲደገም ጫጫታው ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል፤ ሞገዷ ግን በሰዓቷ ስለምትመጣ አትጠፋም።

በ1988 እ.ኤ.አ. ፋርዌልና ዶንቺን በዚህ ዘዴ ያለ እጅና ያለ ድምፅ መጻፍ እንደሚቻል አሳዩ። 36 ምልክቶችን በ6 ረድፍና በ6 ዓምድ ደርድረው እያፈራረቁ አበሩ፤ ሰውዬው የሚፈልገው ፊደል ረድፍ ወይም ዓምድ ሲበራ ሞገዷ ትነሣለች። የእኛ ገበታ ደግሞ ድሮውንም 33 ረድፍና 7 ዓምድ ነው! 231ዱን አንድ በአንድ ከማብራት በየዙሩ 40 ብልጭታ ይበቃል።

ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ በመጨረሻ ዘመናቸው መናገርም መጻፍም ተስኗቸው ነበር። ልጠይቃቸው ስገባ ዓይናቸው ይከተለኛል፤ ምን ሊሉኝ እንደፈለጉ ሳላውቅ ተለያየን።

እባካችሁ መምህራን፣ ይህን ገበታ የተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ አድርጉት። እኔም ከጎናችሁ ነኝ። ለየኔታ አልደረስንም፤ ለሌላው እንድረስ።