ቀዶ ሕክምናን ለማይችሉ አረጋውያን ሌላ መንገድ አለ

ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የጤና ሥልጠና ላይ የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ አረጋውያን ሕመም እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ የታወሰኝ የራሴ ጥፋት ነው። በአንድ የትንሣኤ ሰሞን አያቴን ከቀኝ ጎድናቸው በታች አመማቸው። ሕመሙ ወደ ትከሻቸው ይወጣ ነበር፤ እህልም አልወስድ አላቸው። እኔም «ከጾም በኋላ ቅባት ከብዷቸው ነው፤ ጨጓራ ነው» ብዬ ሦስት ቀን በቤት አቆየኋቸው። በአራተኛው ቀን የሚናገሩት ሲጠፋባቸው ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። በአልትራሳውንድ ሲታዩ ሕመሙ የሐሞት ከረጢት ብግነት ሆኖ ተገኘ።

የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር የምትገኝ አነስተኛ ከረጢት ስትሆን ጉበት የሚያመነጨውን ሐሞት ታጠራቅማለች። ቅባት ያለው ምግብ ስንበላ ተጨምቃ ሐሞቱን ወደ አንጀት ትልካለች። በውስጧ የተፈጠረ ጠጠር መውጫዋን ሲዘጋው ሐሞቱ ይታቆራል፤ ከረጢቷም ታብጣለች፤ ተሕዋስያንም ሊራቡባት ይችላሉ። ሕክምናው ከዘገየ ልትበሰብስና ልትበሳ፣ ብክለቱም በደም ሊሠራጭ ይችላል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በትኩሳት፣ በትውከትና በብርቱ የጎን ሕመም ይታወቃል። በአረጋዊ ላይ ግን እነዚህ ምልክቶች ደብዝዘው ምግብ መተው፣ መድከምና መቃዠት ብቻ የሚታይበት ጊዜ አለ። «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈውም ስለዚህ ነው።

የተለመደው ፈውስ ከረጢቷን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። የአያቴ ልብና ኩላሊት ግን ደክመው ስለነበር ሐኪሞቹ ሙሉ ማደንዘዣውን ፈሩ። ቤተ ሰባችንም በሁለት ተከፈለ። ግማሹ «የመጣው ይምጣ፣ ቀዶ ሕክምናው ይደረግ» ሲል፣ ግማሹ «በቤታቸው፣ በአልጋቸው ይረፉ» አለ። ሐኪሙ ግን ሦስተኛ መንገድ አሳየን።

ይህ መንገድ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ሕመምተኛው ምግብ ሳይቀምስ በደም ሥር ፈሳሽ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል። ብዙዎች በዚህ ብቻ ይሻላቸዋል። ካልተሻላቸው ቦታው ብቻ ደንዝዞ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ቀጭን ቱቦ በቆዳና በጉበት በኩል ወደ ከረጢቷ ይገባል፤ የታቆረውም ሐሞትና መግል በውጭ ወደ ተንጠለጠለ ማጠራቀሚያ ይፈስሳል። ለአያቴም ይኸው ተደረገ። በሁለተኛው ቀን በየስማችን ጠሩን።

ሆኖም እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ቱቦው ጠጠሩን አያወጣም፤ ስለዚህ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ለሳምንታት ስለሚቆይም ሊነቀል ወይም ሊደፈን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት በቀዶ ሕክምና ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸውን 142 ሕሙማን ተከታትሎ ነበር። በካሜራ በታገዘ ቀዶ ሕክምና ከታከሙት ከመቶ 12 ያህሉ፣ በቱቦ ከታከሙት ግን ከመቶ 65 ያህሉ ከባድ ችግር ገጠማቸው። በሞት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ ጥናቱም እጅግ የጠናባቸውን ሕሙማን አላካተተም። ከዚህ የምንማረው ዕድሜ ብቻውን ቀዶ ሕክምናን እንደማይከለክል ነው። የሚመዘነው የልብ፣ የሳንባና የኩላሊት አቅም ስለሆነ ፍርዱ የሐኪም ነው። የእኛ ድርሻ ግን «ቀዶ ሕክምናውን ይችሉታልን? ካልቻሉስ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ በአረጋውያን ቤት ቀድሞ የሚገባው የንስሐ አባት ነው። አባቶች ሆይ፣ የማይለቅ የቀኝ ጎን ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ድንገተኛ መቃዠት ስታዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰዱ እዘዙ። ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም። ጾም ይፈርስብኛል ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጥ አረጋዊ ከሐኪም ቃል ይልቅ የእናንተን ቃል ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ሰበካ ጉባኤው ረዳት የሌላቸውን አረጋውያን ይመዝግብ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነታቸው መታደሱንም ያረጋግጥ። ቱቦውን ማስገባት የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚጠይቅ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ስለዚህ ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ቱቦ ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ አረጋዊ ካለ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተራ ይግቡ። ቱቦው እንዳይጎተት፣ ማጠራቀሚያውም ከወገብ በታች እንዲሆን ይጠብቁ፤ የፈሳሹን መጠንና መልክ በየቀኑ ይጻፉ። ፈሳሹ ድንገት ቢቆም፣ ደም ቢቀላቀልበት ወይም ትኩሳት ቢነሣ ነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።

አያቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ትንሣኤ አይተዋል። ያረፉትም በሌላ ሕመም፣ ቆርበው፣ በልጆቻቸው መካከል ነው። እኔ ያባከንኋቸው ሦስት ቀናት ግን ዛሬም ይከሱኛል። እናንተ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ደጃፋቸው ከተዘጋ የሰነበተ አረጋውያንን አስቡ፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ አንኳኩላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።