የቮልሳችን የቤንዚን ጎማ
(በመንደራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የቆምኩት ክንድ ስለማትሞላ ጎማ ልነግራችሁ ነው። በሰፈራችን ቮልስ የሚነዳ ሰው ዛሬም አልጠፋም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ነው። የእኛዎቹ ደግሞ ከዚያ በብዙ ዓመት የሚቀድሙ ናቸው። ሞተራቸው ቢታደስም ጎማቸውን የሚያስታውስ የለም።

ባለፈው ክረምት መኪናዬን ግቢ ውስጥ አስነስቼ ሳሞቃት፤ «ጋሼ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል!» ያለችኝ ጎረቤቴ ናት። ለቡና ከሰል ልታያይዝ ክብሪት በእጇ ይዛ ነበር። ቶሎ አጥፍቼ የኋላውን ኮፈን ብከፍተው፣ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደው ጎማ ተሰንጥቆ ጠብ ጠብ ይላል። ክብሪቱ ተጭሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ቤንዚን መያዣ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በብረት ቱቦ ተጉዞ ሞተሩ ጋ ሲደርስ በጎማ ወደ ፖምፓው፣ ከፖምፓው ወደ ካርቡሬተሩ ያልፋል። ጎማው በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል። የድሮው ጎማ በጨርቅ የተሸፈነ በመሆኑ ስንጥቁ ከላይ አይታይም። እዚያው አጠገቡ ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩ አለ። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት ያስቸግራል፤ ውኃ ሲደፉበትም ይብሳል።

ሥራው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ካቻቢቴና ፒንሳ ይበቃል። ግን በቅደም ተከተል ይሁን።

አንደኛ፤ መኪናዋ ነፋሻ ቦታ ትቁም፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሲጋራና ከሰል ይራቅ፤ ልጆችም እንዲሁ።

ሁለተኛ፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ።

ሦስተኛ፤ ጎማው ሲነቀል ቤንዚኑ በራሱ ሊፈስ ይችላል። ከሥር ዕቃ አስቀምጡ፤ ከፊት የሚመጣውን ጫፍ ልክ በሚሆን ንጹሕ ብሎን ወዲያው ድፈኑ።

አራተኛ፤ አዲሱ ጎማ ለቤንዚን የተሠራ ይሁን። የውኃ ጎማ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገቡበት፤ ቤንዚን ይበላዋል። በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ አጥብቁ፤ ጎማውን እስኪቆርጥ ግን አይሁን።

አምስተኛ፤ ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበትን የነሐስ ቧንቧ በእጅ ወዝወዝ አድርጉት። ከላላ አዲስ ጎማ ምንም አያድናችሁም፤ ለመካኒክ ይታይ። ማጣሪያም ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ አይንጠልጠል፤ ከሞተሩ ክፍል ውጭ ይሁን።

በመጨረሻም፤ አንዱ ጎማ ካረጀ ሌሎቹም አርጅተዋልና ከመኪናዋ ሥርና ከቤንዚን መያዣው አጠገብ ያሉትን አብራችሁ ለውጡ። ባትሪውን መልሳችሁ ስታስነሱ ኮፈኑን ሳትዘጉ በእጅ ባትሪ እያንዳንዱን ጫፍ እዩ። እርጥበት ካያችሁ ወዲያው አጥፉ።

የዱቄት እሳት ማጥፊያ መኪናዋ ውስጥ ይኑር፤ የሚረዳው ግን እሳቱ ገና ሲጀምር ነው። ካየለ ሰዉን አርቃችሁ 939 ደውሉ።

ግቢያችን አንድ ነው፤ አጥራችንም ይነካካል። የአንዱ ጎማ የሁላችን ነገር ነው። ቮልስ ያላችሁ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ፤ ክብሪት ግን እንዳታበሩ!