ለሽብር መልሱ ጦር ነውን?

(በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ምሽት በተቃዋሚው ወገን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ማታ ለክርክር የቀረበው አሳብ «ለሽብር ትክክለኛው መልስ የጦር ኃይል ነው» የሚል ነው። እኔ የተሰለፍኩት ከተቃዋሚዎቹ ጋራ ነው። ከእኔ በፊት የተናገረው ወንድማችን ንግግሩን የጨረሰው «ቤትህን ሊያቃጥል የመጣውን ሰው በስብከት ትመልሰዋለህን?» በማለት ስለሆነ ብዙ ጭብጨባ አግኝቷል። ጥያቄው ደኅና ጥያቄ ነው። ነገር ግን በስብከትና በመድፍ መካከል ምንም ነገር የሌለ አስመስሎ አቀረበው። ዘበኛ አለ፤ ጎረቤት አለ፤ ዳኛ አለ፤ የዚያን ሰው አባት የሚያውቅ ሽማግሌም አለ። ክርክራችን በእነዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስለ ቃሉ ጥቂት ተናግሬ አልፋለሁ። ሽብር ስል ሰላማዊውን ሰው ገድሎ የቀረውን በፍርሃት ማንበርከክን ማለቴ ነው። ይህን ትርጉም አጥብቄ የምይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተማ አድፍጦ መግደል «ነጭ ሽብር» ተብሎ ሲወገዝ፣ መንግሥት የሰጠውን መልስ ራሱ «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰየመው፤ በዚያ መልስ ካለቁት ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ «ይህ ሽብር ነውና ጦር ይዝመት» ሲባል «የት? በማን ላይ? ከዚያስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ የደካማነት ምልክት ተደርጎ እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ ክርክሩን በሰማይ ላይ ከማንሳፈፍ በአንድ አገር ላይ ማሳረፍ ይሻላል። የመረጥኩት ሶማሊያን ነው፤ ለምን ቢባል ጎረቤታችን ናት፣ ወታደሮቻችን ዘምተውባታል፣ ነገሩም ገና አላለቀም። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ለወንድማችን የሚረዳውን ታሪክ እኔው ራሴ ልናገርለት። በ1988 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሆቴል ውስጥ ቦምብ ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን በጥይት ተመትተው ቆሰሉ። አል ኢትሓድ አል ኢስላሚያ የሚባለው ቡድን በሶማሊያ የጌዶ አውራጃ ሉቅን ይዞ ይኖር ነበርና፣ ጦራችን በነሐሴ 1988 ድንበር ተሻግሮ ሉቅንና ቡሎ ሐዋን መታ፤ በጥር 1989 ደግሞ ደገመ። መታና ተመለሰ። አል ኢትሓድም በጌዶ ከተማ ይዞ የሚቀመጥ ኃይል መሆኑ በዚያው ቀረ። ለጦር ኃይል የሚከራከር ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። ዳሩ ግን ታሪኩ ጭራ አለው። የአል ኢትሓድ የጦር መሪ የነበረው ሐሰን ዳሂር አዌይስ አልሞተም፣ አልተፈረደበትም፣ የሚፈርድበት መንግሥትም በአገሩ አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. የእስላም ፍርድ ቤቶች ኅብረት የሚባለው ሞቃዲሾን በያዘ ጊዜ፣ የኅብረቱ የሹራ ሊቀ መንበር ሆኖ ተገኘ።

ወደ ዋናው ነገር የምንገባው በዚህ በር ነው። የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት እንደ አንድ ሰው አሳብ የሚያስብ ማኅበር አልነበረም። በውስጡ ዘራፊ የጦር አበጋዞች ያስመረሩት ነጋዴ ነበረበት፣ የጎሣ ሽማግሌ ነበረበት፣ ለዘብተኛ ሼህ ነበረበት፤ ከዳር ደግሞ አል ሸባብ የሚባሉ ጥቂት ጨካኞች ነበሩበት። (አል ሸባብ ማለት «ወጣቶቹ» ማለት ነው፤ ለእኛ ዕድሜ የሚያሳፍር ስም ነው።) ኅብረቱ ከአሥር ዓመት በላይ ተዘግቶ የነበረውን የሞቃዲሾን አየር ጣቢያና ወደብ አስከፈተ። በዚያው መጠን ደግሞ መሪዎቹ በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ዐወጁ፤ በታኅሣሥ 1999 «በሰባት ቀን ውስጥ ካልወጣችሁ እንወጋችኋለን» አሉ። ይህን ደብቄ ልከራከር አልፈልግም። ሥጋቱ እውነተኛ ነበረ።

ጦራችንም ዘመተ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1999 ዓ.ም. ከሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ጋራ ሞቃዲሾ ገባ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም የፍርድ ቤቶቹ ሠራዊት ፈረሰ። እንደ ጦር ሥራ ከታየ የሚያስደንቅ ነው። በዚያ ዕለት ይህ ክርክር ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እኔ አንድ ድምፅ እንኳ ባላገኘሁ።

ነገር ግን ምን ፈረሰ? የፈረሰው ነጋዴውና ሽማግሌው የነበሩበት ክፍል ነው። ነጋዴው ወደ ሱቁ ገባ፣ ሽማግሌው ወደ ጎሣው ተመለሰ፣ ለዘብተኛው ሼህ ተሰደደ። ከመግደል በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ግን የሚመለስበት ሱቅ አልነበረውምና ቆየ። ያውም ከዚህ በፊት ያላገኘውን ነገር አገኘ፤ ይኸውም የባዕድ ጦር በመዲናይቱ ውስጥ ነው። እንደዚህ ያለ ስጦታ ለቀስቃሽ አይሰጥም። እኛ ኢትዮጵያውያን ባዕድ ጦር በመዲናችን ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማ ከማንም ይልቅ እናውቃለን፤ የአምስቱን ዓመት ዘመን በየዓመቱ በበዓል የምናስበው ለዚህ ነውና። በመጋቢትና በሚያዝያ 1999 በሞቃዲሾ ሠፈሮች ውስጥ በከባድ መሣሪያ ሲዋጉ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከተማውን ጥሎ ወጣ። ከዚያ ሕዝብ መካከል «ወጣቶቹ» ስንት ልጅ እንደ መለመሉ መገመት አያስቸግርም።

ጦራችን በጥር 2001 ዓ.ም. ወጣ። አሁን የምነግራችሁን ቀን እባካችሁ አስተውሉት። ጥር 23 ቀን 2001 ዓ.ም. በጅቡቲ የተሰበሰበው የሶማሊያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት መረጠ፤ የተመረጠውም ሼህ ሸሪፍ አሕመድ ነው። ሼህ ሸሪፍ ማነው? ከሁለት ዓመት በፊት ጦራችን ያባረረው የዚያው የፍርድ ቤቶች ኅብረት መሪ ነው! ኢትዮጵያም፣ አሜሪካም፣ የተባበሩት መንግሥታትም ይህን ሰው እንደ ፕሬዚዳንት ተቀበሉት። በ2001 ልንነጋገረው የቻልነውን ሰው በ1999 ልንነጋገረው አይቻልም ነበርን? ምናልባት አይቻልም ነበር ይባል ይሆናል፤ በዚያ በካርቱምም ድርድር ተሞክሮ ከሽፎ ነበርና። ነገር ግን በሁለቱ ዓመት መካከል የሞቱት የገበሬ ልጆች ቁጥራቸው ስንት እንደሆነ እንኳ መንግሥት ለሕዝብ አላስታወቀም። በእነርሱ ጀግንነት ላይ አንድም ቃል አልናገርም። የምከራከረው ከላካቸው አሳብ ጋራ ነው።

ወንድማችን «አል ሸባብስ ከዚያ በኋላ በጦር አልተመታምን?» ይለኝ ይሆናል። ተመትቷል። የአፍሪካ ኅብረት ጦር ከየካቲት 1999 ጀምሮ በሶማሊያ አለ፤ ስሙ ሁለት ጊዜ ቢለወጥም ጦሩ አልወጣም። በሐምሌ 2003 መጨረሻ አል ሸባብ ሞቃዲሾን ለቀቀ፤ በ2005 መጀመሪያ ኪስማዮን ተነጠቀ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የኡጋንዳና የቡሩንዲ ወታደር ደም የተከፈለበት ነው። ጦር ከተማ ማስለቀቅ አይችልም ብዬ የተናገርኩበት ጊዜ የለም። መሪዎቹም ተገድለዋል። አደን ሐሺ አይሮ በሚያዝያ 2000 በአሜሪካ ሚሳይል ሞተ፤ አሕመድ ጎዳኔ በነሐሴ 2006 በአሜሪካ የአየር ድብደባ ሞተ፤ ተተኪው በጥቂት ቀን ውስጥ ተሾመ።

ሽብሩስ? ሐምሌ 4 ቀን 2002 በካምፓላ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲመለከቱ የነበሩ 74 ሰዎች ተገደሉ፤ ከተመቱት ሁለት ስፍራዎች አንዱ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ነበረ። በመስከረም 2006 በናይሮቢ የዌስትጌት የገበያ አዳራሽ 67 ሰው ሞተ። ጥቅምት 4 ቀን 2010 በሞቃዲሾ ዞቤ አደባባይ በአንድ የጭነት መኪና ፍንዳታ ከ580 በላይ ሰው አለቀ። ይህ ሁሉ የሆነው መዲናይቱ ከተነጠቀ በኋላ ወይም ጦር በየቦታው ቆሞ ሳለ ነው።

አሁን ወደ ጋሪሳ ልውሰዳችሁ። የኬንያ ጦር ሽብርን ከምንጩ አደርቃለሁ ብሎ ወደ ሶማሊያ የገባው በጥቅምት 2004 ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ፣ አራት ሰዎች በኬንያ ወደ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው 148 ሰው ገደሉ። ከእነዚህ 142ቱ ተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የተገደሉት በመኝታ ቤታቸው ነው። ገዳዮቹ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን እየለዩ ነበር። አራት ሰዎች! በሶማሊያ ያለው የኬንያ ሠራዊት በዚያ ጧት ምንም ሊያደርግ አልቻለም። በከተማው የነበሩት ወታደሮች ግቢውን ከበቡ እንጂ ግድያውን አላስቆሙም። ልዩው የፖሊስ ጓድ ከናይሮቢ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወደ ሕንፃው ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ብዙ አልቆየም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ከአራቱ ገዳዮች አንዱ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቅ ነበረ። ልብ በሉ፤ እንደ እኛ መጽሐፍ ተሸክሞ የተመላለሰ፣ እንደ እኛ በክርክር አዳራሽ ሊቀመጥ የሚችል ልጅ ነው። አባቱ በመንደራ በኩል የመንግሥት ሹም ነበሩ። ልጃቸው በጠፋ ጊዜ «ልጄ ጠፋብኝ፤ ወደ ሶማሊያ ሳይሄድ አልቀረም» ብለው ለመንግሥት አመልክተው እንደ ነበረ የአገር ግዛት ሚኒስቴሩ ራሱ ተናግሯል። ጓደኞቼ፤ ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ወሬ በየትኛው የስለላ አውሮፕላን ይገኛል? አንድ አባት በገዛ ልጁ ላይ ሲመሰክር!

ይህን ካልኩ በኋላ «ታዲያ አንተ ምን ታደርግ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ማምለጥ አልችልም። እኔ ጦሩን ሁሉ ወደ ቤቱ መልሱ አልልም። የምለው ጦሩ በር ጠባቂ ይሁን፤ ሥራው ግን የሌላ ነው። ራንድ የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት ለጦር ሠራዊት ሲያጠና የኖረ ስለሆነ ጦር ይጠላል ተብሎ አይታማም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ከ1968 እስከ 2006 የነበሩ 648 የሽብር ቡድኖችን መረመረ። ካበቃላቸው ውስጥ 43 በመቶው ወደ ፖለቲካ ገብተው፣ 40 በመቶው በፖሊስና በስለላ ሥራ ተይዘው፣ 10 በመቶው ያሰቡትን አግኝተው፣ 7 በመቶው ብቻ በጦር ኃይል ተደምስሰው ነው ያበቁት። «እነዚያ ትንንሾች ናቸው፤ አል ሸባብ ግን ሠራዊት ነው» ቢባል ልክ ነው። ሆኖም አገር ይዘው የሚዋጉትንም ቢሆን ግማሽ ያህሉን ያቆመው ስምምነት ነው ይላል ይኸው ጥናት።

በሶማሊያም ብንመለከት አል ሸባብን ያኖረው መድፍ አይደለም። በየመንገዱ ኬላ አለው፤ ቀረጥ ይሰበስባል፤ በሞቃዲሾ ወደብ ዕቃ የሚያስመጣው ነጋዴ እንኳ ይገብርለታል። ፍርድ ቤትም አለው። መንግሥት በሚገዛው ከተማ የሚኖር ሰው በመሬት ክርክር ሲጨነቅ፣ የመንግሥቱ ዳኛ ጉቦ ይበላል ብሎ ወደ አል ሸባብ ዳኛ ይሄዳል። እንግዲህ ይህን በምን ቦምብ ትመቱታላችሁ? ጉቦ የማይበላ ዳኛ ደመወዙ ከአንድ ታንክ ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር ምን ያህል ነው?

አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር በሂራን በኩል ታይቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የአገሩ ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች ግብሩና የጉድጓዳቸው መፈንዳት ቢያንገፈግፋቸው በአል ሸባብ ላይ ተነሡ። ሽርጥ ታጥቀው ስለሚዋጉ ማዊስሌይ ይሏቸዋል። የመንግሥቱ ጦርም ረዳቸውና በኅዳር 2015 አደን ያባል የምትባለው ከተማ ተያዘች። ይህም በጦር ነው ይባላል፤ አዎን፣ ነገር ግን ተዋጊው የራሱን ጉድጓድ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ማንም ባዕድ ሊለው አይችልም። ከዚያ በኋላስ? ለከተማይቱ ሊደርሱላት ይገባ የነበሩት ዳኛው፣ ፖሊሱና አስተማሪው እንደሚገባ አልተከተሉም፤ የጎሣ ጠብም ተነሣ። በሚያዝያ 2017 አል ሸባብ አደን ያባልን መልሶ ያዘ።

ደወሉ ተደውሏል፤ ሊቀ መንበሩም ወደ ሰዓታቸው እየተመለከቱ ነው። ወንድማችን መልስ ለመስጠት አምስት ደቂቃ አለው። በእነዚያ ደቂቃዎች ስለ ቤት አቃጣዩ ሰው እንደገና ከሚነግረን፣ በመንደራ ያሉት አባት ያመለከቱትን የሚሰማ ማን እንደ ነበረ፣ ሰምቶስ የት ሊያደርሰው ይገባ እንደ ነበረ፣ ለዚህስ ሥራ ስንት ክፍለ ጦር እንደሚያስፈልግ ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።